ማን ፈረመ? የባሕር ዳር ደጋፊና የክረምት ወሬው

ባሕር ዳርን ከተማ ያደረጓት ጣናና ዓባይ ብቻ አይደሉም። ፋብሪካና ትምህርት ቤትም የድርሻቸውን ሠርተዋል። ጣሊያን ለጦርነት ካሳ ከከፈለችው ገንዘብ የተሠራው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በ1953 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። ሶቭየት ኅብረት ያሠራችው ፖሊ ቴክኒክ ደግሞ በ1955 ተማሪ መቀበል ያዘ። ከጎጃምም ከጎንደርም ከወሎም ወጣት እየሰበሰቡ ወደ ጣና ዳር ያመጡት እነዚህ ሁለት ግቢዎች ናቸው። ወጣት በተሰበሰበበት ደግሞ ኳስ አይጠፋም።

ጊዜው ለኢትዮጵያ እግር ኳስ የወርቅ ዘመን ነበር። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ብሔራዊ ቡድናችን ግብፅን፣ በጊዜው መጠሪያዋ የተባበረችውን ዓረብ ሪፐብሊክ፣ 4 ለ 2 አሸንፎ የአፍሪካን ዋንጫ አነሣ። በዚያው ዘመን የድሬዳዋው የጥጥ ፋብሪካ ቡድን የአገሪቱን ሻምፒዮና ደጋግሞ ይወስድ ነበር። የፋብሪካ ቡድን የአገር ሻምፒዮን ሊሆን መቻሉ ያኔ ተጫዋች እንዴት ይመለመል እንደነበር ይነግረናል። ጎበዝ ልጅ ሲገኝ የሚሰጠው የፊርማ ገንዘብ ሳይሆን የሥራ መደብ ነበር። ልጁ በፋብሪካው መዝገብ ላይ ይሰፍራል፣ ፈረቃ ይመደብለታል፣ ከሰዓት በኋላ ልምምድ ይወጣል። እግሩ ሲደክም ሥራው አይቀርበትም። ጦር ሠራዊቱና ፖሊሱም እንዲሁ ነበሩ፤ ክለቦቻቸው መቻልና ኦሜድላ ተጫዋች ሲወስዱ የሚያለብሱት ማሊያ ብቻ ሳይሆን የደንብ ልብስም ጭምር ነው። የዛሬው ደጋፊ «ስንት ተከፈለው?» ብሎ ይጠይቃል። የዚያን ጊዜው «የት ተቀጠረ?» ነበር የሚለው።

ደርግ ሲመጣ ክለቦች እንደገና ተዋቀሩ። ቅዱስ ጊዮርጊስ ሳይቀር ስሙን ቀይሮ የቢራ ፋብሪካ ቡድን ሆኖ ቆየ። የባሕር ዳር ሰው ግን ከዚህ ሁሉ የሚደርሰው በጆሮው ብቻ ነበር። ታኅሣሥ 1980 አዲስ አበባ ላይ ኢትዮጵያ ዚምባብዌን በፍጹም ቅጣት ምት አሸንፋ የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካን ዋንጫ ስትወስድ፣ ጣና ዳር ያለው ሰው ጨዋታውን ያየው በሬዲዮ ጋዜጠኛው በደምሴ ዳምጤ ድምፅ ነው። የክፍለ ሀገር ደጋፊ ተጫዋቹን ሳያይ ያውቀዋል፤ አሯሯጡን፣ አመታቱን፣ ጠባዩን ሳይቀር ከሬዲዮና ከሰው አፍ ለቅሞ ራሱ ይሥለዋል። ዛሬም ባሕር ዳር ውስጥ አንድ ስም ሲነሣ ሰው ሁሉ የሚያውቀው የሚመስለው፣ ይህ የቆየ ልማድ ስላልለቀቀን ይመስለኛል።

ፕሪምየር ሊጉ በ1990 ሲጀመር ባሕር ዳር አልነበረችም። ሃያ ዓመት ሙሉም አልገባችም። በመካከሉ ከተማዋ ሌላ ነገር አገኘች። በ1992 ፖሊ ቴክኒኩና ፔዳ የሚባለው የመምህራን ኮሌጅ ተዋሕደው የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ተመሠረተ፤ ግቢዎቹም እየበዙ ይባብ፣ ዘንዘልማ፣ ሰባታሚት ድረስ ተዘረጉ። ተማሪው ከአገሪቱ ማዕዘን ሁሉ ሲመጣ ክለቡንም ይዞ መጣ። አንዱ የጊዮርጊስ ነው፣ አንዱ የቡና፣ ሌላው የሐዋሳ። ከሁሉም በላይ ግን አርሰናልና ማንቸስተር ነበሩ። ቅዳሜ ከሰዓት የዲኤስቲቪ ቤቶች አግዳሚ ሞልቶ ሰው በር ላይ ይቆም ነበር። በዚያ ዘመን የባሕር ዳር ወጣት የክረምት ወሬ ስለ ለንደን ዝውውር ነበር። ወንበር የሚያስወረውረው ክርክር ወንዙን ተሻግረው ስላሉ ልጆች ሳይሆን ባሕር ተሻግረው ስላሉ ሰዎች ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ወጣ ልበል። አሜሪካ ውስጥ ተጫዋች የሚመለምለው ዩኒቨርሲቲው ነው። የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ስታዲየም ከ107 ሺህ ሰው በላይ ይይዛል፣ የሚጫወቱበትም ተማሪዎች ናቸው። እዚያ አንድ የ17 ዓመት ልጅ የትኛው ኮሌጅ እንደሚገባ ሲያስታውቅ አዋቂ ሰዎች ሥራ ፈትተው ይከራከራሉ። አሜሪካኖቹ እነሱ በሚጫወቱት ዓይነት እግር ኳስ ይጀምሩና የብርድ ወራቸው ሲገባ ወሬያቸው ወደ ቅርጫት ኳስ ይዞራል። የእኛ ዩኒቨርሲቲዎች ይህን መንገድ አልያዙም። በባሕር ዳር ግቢዎች ቅርጫት ኳሱም እግር ኳሱም አለ፤ ግን የተማሪው ጨዋታ በተማሪው ዘንድ ይቀራል፣ ከአጥሩ አይወጣም። ኋላ ላይ ዩኒቨርሲቲው የራሱን የስፖርት አካዳሚ አቋቁሟል። አካዳሚውና የከተማው ክለብ ምን ያህል እንደሚተዋወቁ ግን ደጋፊው ደጋግሞ የሚያነሣው ጥያቄ ነው፤ ወደ እሱ እመለስበታለሁ።

ከተማዋ ትልቅ ቡድን ሳታገኝ ትልቅ ስታዲየም አገኘች። ሰኔ 7 ቀን 2007 ዓ.ም. ብሔራዊ ቡድናችን ዋልያዎቹ በአዲሱ የባሕር ዳር ስታዲየም ሌሶቶን አስተናገዱ፤ አሠልጣኙ ዮሐንስ ሳህሌ ነበሩ። ኢትዮጵያ 2 ለ 1 አሸነፈች። ከ50 ሺህ ሰው በላይ የሚይዘው ሜዳ ሞልቶ ሲያዩት ሰዎች በአንድ አፍ የጠየቁት «የእኛ ቡድንስ?» የሚል ነበር። ጥያቄው ያማል፤ ምክንያቱም ጎረቤት ሁሉ ቀድሟል። ጎንደር በዳሸን ቢራ በኩል ሊጉን ቀምሳለች፣ ዳሸን ሲወርድ ደግሞ በ2008 ፋሲል ከነማ ወጣ። ወልዲያም ወጥታ፣ ወርዳ፣ እንደገና ወጥታለች። የአማራ ክልል ዋና ከተማ ግን ከፕሪምየር ሊጉ በታች ባለው ከፍተኛ ሊግ ላይ ባሕር ዳር ከነማንና የውኃ ሥራዎቹን ቡድን አውስኮድን ይዛ ሁለት ቦታ ተከፍላ ቆማ ነበር። በ2010 ሁለቱም በአንድ ምድብ ነበሩ። በዚያ ዓመት ነው በአሠልጣኝ ጳውሎስ ጌታቸው የሚመራው ባሕር ዳር ከነማ ምድቡን በአንደኝነት ጨርሶ፣ ከደቡብ ፖሊስና ከሽረ እንዳሥላሴ ጋር ወደ ፕሪምየር ሊግ የወጣው። «የጣና ሞገዶቹ» የሚለው ስም ከዚያ ወዲህ የአገር ስም ሆነ።

የ2010 ክረምት ባሕር ዳር ስለራሷ ተጫዋች ያወራችበት የመጀመሪያዋ ትልቅ ክረምት ናት። ግሽ አባይ አካባቢ ሐምሌ ላይ ዝናቡ ሲጥል ሰው ጀበና ቡና ወደሚፈላበት ሸራ ሥር ይጠጋል። ባጃጆች ጭቃውን እየረጩ ይመጡና ሾፌሩ ሞተሩን ሳያጠፋ አንገቱን አውጥቶ ይጠይቃል፦

«ማን ፈረመ?»

«ማንም። ተስማምቷል ነው የሚባለው።»

«ተስማምቷልማ ባለፈው ሳምንትም ተብሏል!»

ጡረታ የወጣ የጨርቃ ጨርቅ ሠራተኛ ከጥግ ሆኖ «አንተ ልጅ፣ ሰው ሳይፈርም አታስፈርም» ይለዋል። ልጁ «እሺ ጋሼ፣ እርስዎ ያውቃሉ» ብሎ ይስቅና ተሳፋሪው ሲቆጣው ይሄዳል። ሰውየው በበኩሉ ቡናውን ፉት ብሎ ስለ አንድ የድሮ ግብ ጠባቂ ይጀምራል። ሌሎቹ ታሪኩን ሰምተውታል፣ ግን አያቋርጡትም። ከዚያ ወሬው ይመለሳል፤ አጥቂ የለንም፣ ግራ መስመሩ ባዶ ነው፣ በረኛው ውሉን አድሷል ወይስ አላደሰም? ቀኑን ሙሉ ይህ ነው። ክረምት ላይ ጨዋታ ስለሌለ ወሬው ራሱ ጨዋታ ይሆናል፤ ኤፍ ኤም ባሕር ዳር 96.9 ላይ የስፖርት ፕሮግራም ሲጀምር ደግሞ የሬዲዮው ድምፅ ይጨመርና ጸጥታ ይሆናል።

ይህ ወሬ ለምን በየክረምቱ ከባዶ እንደሚጀምር ለማያውቅ አንባቢ ልንገር። በእኛ ሊግ አብዛኛው ተጫዋች የሚፈርመው ለአንድ ወይም ለሁለት ዓመት ነው። ውሉ ሲያልቅ ነጻ ነው፤ የሚወስደው ክለብ ለቀድሞው ክለብ ምንም አይከፍልም፣ ለልጁ ይከፍላል። ስለዚህ ክለብ ተጫዋች አሳድጎ አይሸጥም፣ ቀጥሮ ያሰናብታል። አብዛኞቹ ክለቦች ደግሞ የከተማ አስተዳደር ናቸው፤ ገንዘቡ ከምክር ቤት በጀት ነው የሚመጣው። በጀቱ ሲዘገይ ደመወዝ ይዘገያል፣ ደመወዝ ሲዘገይ ልምምድ ይቆማል። የአውሮፓ ደጋፊ ስለ ተጫዋች ዋጋ ሲያወራ የእኛው ደጋፊ ሳይወድ ስለ በጀት ዓመት ያወራል። ሐምሌ አንድ ለሂሳብ ሠራተኛውም ለደጋፊውም እኩል ትልቅ ቀን ነው።

የ2011 የውድድር ዓመት ለከነማ የትምህርት ዓመት ነበር። ከቤኒን የመጣው በረኛ ሐሪሰን ሄሱ፣ ግርማ ዲሳሳ፣ ወሰኑ ዓሊ የከተማው ሰው በየቀኑ የሚጠራቸው ስሞች ሆኑ። ቅዳሜና እሑድ ስታዲየሙ ሲሞላ የጣና ዳር ሆቴሎችም፣ ሎሚና ቆሎ የሚሸጡ ልጆችም ይቀናቸው ነበር። ዓመቱ ግን ክፉም ነበረው። የፖለቲካው ንፋስ ሜዳ ገብቶ የአማራና የትግራይ ክለቦች ጨዋታ ሲራዘምና ቦታ ሲቀያየር ከረመ። ዋንጫው በመጨረሻው ቀን ከፋሲል እጅ ወጥቶ መቐለ 70 እንደርታ ገባ። ጎንደር አለቀሰች፣ ባሕር ዳር ግማሽ አዘነች። ግማሽ ያልኩት አውቄ ነው።

ያው ክረምት ሁለት ነገር ይዞ መጣ። አንደኛው ገንዘብ ነክ ነው፤ ክለቦችና ፌዴሬሽኑ ቢሾፍቱ ላይ ተሰብስበው የተጫዋች ወርኃዊ ደመወዝ ከ50 ሺህ ብር እንዳይበልጥ ተስማሙ። ተጫዋቾቹ አጉረመረሙ፣ ደጋፊው ግን በአብዛኛው ደገፈው። የከተማው መብራትና ውኃ በሚጓደልበት ጊዜ ስለ ስድስት አኃዝ ደመወዝ መስማት ማንንም አያስደስትም ነበር። ጣሪያው በወረቀት ላይ ቆመ፤ በጓሮ በኩል የሚከፈለውን ግን ማንም ጣሪያ አላበጀለትም። «50 ሺህ ነው የፈረመው» ሲባል ቡና ቤቱ ሙሉ የሚስቀው ከዚያ ወዲህ ነው። ሁለተኛው ፋሲል ተካልኝ ነው። የቅዱስ ጊዮርጊስ የቀድሞ ተጫዋች ዋና አሠልጣኝ ሆኖ መጣና ቡድኑ ኳስ መያዝ ጀመረ፤ ፍፁም ዓለሙም የመሐሉ ጌጥ ሆነ።

ኅዳር 9 ቀን 2012 ዓ.ም. ለባሕር ዳር ስታዲየም ትልቁ ቀን ነው ብል ብዙ ሰው የሚቃወመኝ አይመስለኝም። ዋልያዎቹ ከሦስት ቀን በፊት በማዳጋስካር 1 ለ 0 ተሸንፈው ነው የመጡት። እንግዳዋ አይቮሪኮስት ናት፤ በአውሮፓ ታላላቅ ሊጎች የሚጫወቱ ልጆች ያሏት፣ እስከዚያን ጊዜ የአፍሪካን ዋንጫ ሁለት ጊዜ የወሰደች። ጨዋታው ሳይሞቅ ጎል አገባች። በዚያች ደቂቃ ስታዲየሙ ዝም ብሎ ቢሆን ማንም አይፈርድበትም ነበር። ዝም አላለም። ሱራፌል ዳኛቸው አቻ አደረገ፤ ያ የፋሲል ከነማ ልጅ ነው፣ የጎንደር ማሊያ ለባሽ፣ ባሕር ዳር ግን እንደ ልጇ ጮኸችለት። ቀጥሎ ሽመልስ በቀለ ሁለተኛውን አስቆጠረ። 2 ለ 1 አለቀ። አሠልጣኙ አብርሃም መብራቱ ነበሩ። ሰው ከስታዲየም ሲወጣ መንገዱ እስከ ጊዮርጊስ ድረስ ሞልቶ፣ ባጃጅ ጡሩምባ ሲነፋ አመሸ። በማግሥቱ የነበረውን ወሬ ግን አስታውሱልኝ፤ «ሱራፌልን እኛ ለምን አናመጣውም?» ነበር። ደጋፊ ደስታውን እንኳ ወደ ዝውውር ነው የሚለውጠው። ሱራፌል ባሕር ዳር አልመጣም፤ ዓመታት ቆይቶ አሜሪካ ተሻግሮ ሎውደን ዩናይትድ ገባ።

የዚያ ዓመት ሊግ በኮሮና ምክንያት ተሰረዘ። ሻምፒዮን የለም፣ ወራጅ የለም፣ የተጫወቱት ሁሉ እንዳልተጫወቱ ተቆጠረ።

በ2013 ሊጉ ሲመለስ መልኩ ተለወጠ። ሱፐርስፖርት ካሜራውን ይዞ ገባ፤ ክለቦቹ በአንድ ከተማ ተሰብስበው ሳምንታት ተጫውተው ወደ ሌላው ያልፋሉ። አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋ፣ ሐዋሳ። ለክርክሩ ይህ አብዮት ነበር። እስከዚያ ድረስ «ጎበዝ ነው አሉ» በሚል የሚወደስ ተጫዋች አሁን በዓይን ታየ። ሐምሌ ላይ ስም ሲጠራ ሰው «እሱማ ኳስ ያበዛል፣ ከጅማው ጋር ሲጫወት አይተነዋል» ማለት ጀመረ። ደጋፊው መልማይ ሆነ። በሌላ በኩል ግን ቡድኑ በዓመት ውስጥ በራሱ ሜዳ የሚቆየው ጥቂት ሳምንት ብቻ ሆነ፤ ከተማውና ክለቡ በቴሌቪዥን ብቻ የሚተያዩ ዘመዶች ሆኑ። ዋንጫው ፋሲል ከነማ ጋር ጎንደር ሄደ።

መጋቢት 15 ቀን 2013 ዋልያዎቹ በዚሁ ሜዳ ማዳጋስካርን 4 ለ 0 ደመሰሱ። አማኑኤል ገብረሚካኤል፣ ጌታነህ ከበደ፣ አቡበከር ናስር፣ ሽመልስ በቀለ አስቆጠሩ። ከስድስት ቀን በኋላ አቢጃን ላይ በአይቮሪኮስት 3 ለ 1 ስትመራ ዳኛው ታመው ወደቁና ጨዋታው ሳያልቅ ቆመ፤ ማዳጋስካር ኒጀርን ማሸነፍ ስላልቻለች ግን ኢትዮጵያ ከስምንት ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ አለፈች። ማለፊያው ወረቀት የተጻፈው በባሕር ዳር ሣር ላይ ነው ብል አላጋነንኩም።

ከዚያ ክፉው ዘመን መጣ። የሰሜኑ ጦርነት ወደ አማራ ክልል ዘልቆ ከተሞች ተፈናቃይ ያስተናግዱ ጀመር። በዚያ መሐል ጳጉሜን 2 ቀን 2013 ዋልያዎቹ ዚምባብዌን በአስቻለው ታመነ የመጨረሻ ደቂቃ ፍጹም ቅጣት ምት 1 ለ 0 አሸነፉ። መስከረም 29 ቀን 2014 ደግሞ በደቡብ አፍሪካ 3 ለ 1 ተሸነፉ። ከዚያ ጨዋታ በኋላ በር ተዘጋ። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን፣ ካፍ፣ ስታዲየሙ መስፈርቱን አያሟላም ብሎ ዓለም አቀፍ ጨዋታ ከለከለ፤ ኢትዮጵያም ቀጣዩን የጋና ጨዋታ «በሜዳዋ» ጆሃንስበርግ ላይ አደረገች። የካፍ ሰዎች የሚጠይቁት ብዙ ነው፤ ወንበር፣ መልበሻ ክፍል፣ መብራት፣ ሣር፣ የጋዜጠኞች ቦታ። ከ50 ሺህ ሰው በላይ የሚይዝ ሕንጻ ሠርቶ በመልበሻ ክፍል መውደቅ ግን የሚመለከተውን ሁሉ ሊያሳፍረው የሚገባ ነገር ነው።

ከነማም በዚያ ዓመት አልተሳካለትም። አብርሃም መብራቱን ያህል አሠልጣኝ አምጥቶ፣ ኤርትራዊውን የክንፍ ተጫዋች አሊ ሱሌይማንን አስፈርሞ፣ የሚጠበቅበትን ሳያደርግ ዓመቱ አለቀ። አሊ በዓመቱ ወደ ሐዋሳ ሄደና እዚያ ተከላካይ የሚያንቀጠቅጥ አጥቂ ወጣው። በክረምት ወሬ ውስጥ የዚህ ዓይነት ቁስል አይድንም። እስከ ዛሬ አንድ ተጫዋች ይሰናበት ሲባል ከጥግ አንድ ሰው ይነሣና «አሊንም እንዲሁ ብለን ነው» ይላል፤ ክርክሩም እዚያው ላይ ይቆማል።

የ2014 ክረምት ግን ሌላ ነበር። ደግአረግ ይግዛው አሠልጣኝ ሆነ። የብሔራዊ ቡድኑ በረኛ ፋሲል ገብረሚካኤል በግቡ ነበረ። አጥቂው ሀብታሙ ታደሰና አማካዩ የአብስራ ተስፋዬ መጡ። ከሁሉ በላይ ከተማዋን ያናወጣት የያሬድ ባየህ ፊርማ ነው። የፋሲል ከነማ አምበል፣ ዋንጫ ያነሣ ሰው፣ ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር! በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው ፉክክር የወንድማማች ነው፤ ለዚያም ነው ክፉኛ የሚያመው። ጎንደር ቅር አላት። ባሕር ዳር ውስጥ ሦስት ዓይነት ሰው ነበር፤ «አሁን ቡድን ሆንን» የሚል፣ «አርጅቷል፣ ለዚያ ነው የለቀቁት» የሚል፣ «መጀመሪያ ሲለማመድ ልየው» የሚል። ሦስተኛው ዓይነት ሰው በማንኛውም ቡና ቤት ጥቂት ነው።

ሊጉ በ2015 መጀመሪያ ባሕር ዳር ላይ ተከፈተ። ከነማ ዓመቱን ሙሉ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ጋር ሲተናነቅ ከረመ፤ በመጨረሻ ጊዮርጊስ አንደኛ፣ ባሕር ዳር ሁለተኛ ሆኑ። በሊጉ አምስተኛ ዓመቱ ላይ ያለ ክለብ የአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ዋንጫ ትኬት ቆረጠ።

ደስታውን በወጉ ማክበር አልተቻለም። ሐምሌ 28 ቀን 2015 በክልሉ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ከተማዋ የተኩስ ድምፅ ሰማች። የጣና ሞገዶቹ የመጀመሪያውን አፍሪካዊ ጨዋታቸውን ጣና ዳር አላደረጉም፤ ነሐሴ 14 ቀን አዲስ አበባ ላይ የታንዛኒያውን አዛምን ተቀብለው 2 ለ 1 አሸነፉ። አዛም ለእኛ እንግዳ ስም አይደለም። በ2011 ክረምት ፋሲል ከነማ ይህንኑ ቡድን ባሕር ዳር ስታዲየም ላይ 1 ለ 0 አሸንፎ፣ ዳሬሰላም ላይ 3 ለ 1 ተሸንፎ ወድቆ ነበር። አሁንም መልሱ ዳሬሰላም ነው፣ ውጤቱም ወዲያው የዚያን መንገድ ያዘ፤ አዛም 2 ለ 1 አሸነፈ፣ ድምሩ 3 ለ 3፣ ጨዋታው ወደ ፍጹም ቅጣት ምት። ሰዓት እላፊ ባለበት ከተማ ሰው በየቤቱ ስልኩን ይዞ፣ መረብ ሲቆራረጥበት ለዘመድ እየደወለ ተከታተለ። እንደ ደምሴ ዳምጤ ዘመን በጆሮ ማለት ነው። ባሕር ዳር 4 ለ 3 አሸነፈ። ጎዳና የወጣ አልነበረም። በቀጣዩ ዙር የቱኒዚያው ክለብ አፍሪካን አስቆማቸው፤ በዚያ ያዘነ ሰው ግን ብዙ አላየሁም።

በ2016 ቡድኑ ከከተማው ርቆ፣ ከተማውም ከራሱ ርቆ ከረመ። መጋቢት ላይ ደግሞ የመሐል ተጫዋቹ አለልኝ አዘነ በትውልድ ከተማው አርባ ምንጭ ሞተ። 26 ዓመቱ ነበር። ከደቡብ ጫፍ የመጣ ልጅ ጣና ዳር ስንት ቤት እንዳስለቀሰ ያየ ሰው፣ የዝውውር ወሬ ከገንዘብ ሌላ ምን እንደሆነ ያኔ ተረድቶታል።

አሁን ወደ ተውኩት ጥያቄ ልመለስ። ከነማ በፕሪምየር ሊግ ዘመኑ ከቤኒን በረኛ፣ ከኤርትራ የክንፍ ተጫዋች፣ ከጎንደር አምበል አምጥቷል። ሁሉም የሚገባቸውን ያህል ተወደዋል። ከሽምብጥ፣ ከቀበሌ 14፣ ከግሽ አባይ ጭቃ ሜዳ ተነሥቶ በዋናው ቡድን ለዓመታት የቆየ ልጅ ቁጠር ሲባል ግን ደጋፊው ጣቱን ሳይጨርስ ያቆማል። በከተማው የስፖርት ሳይንስ የሚያስተምር ዩኒቨርሲቲ አለ፣ አካዳሚ አለ፣ ሜዳ ያላቸው ግቢዎች አሉ፤ ክረምት በመጣ ቁጥር ደግሞ በየሠፈሩ ልጆች በዝናብ ማሊያ ለብሰው የሠፈር ዋንጫ ይጫወታሉ። እነዚህን የሚያገናኝ ሰው ግን የለም። የፋብሪካው ዘመን ሥራ አስኪያጅ እንኳ በር ላይ ቆሞ ልጅ ይመርጥ ነበር። የዛሬው ክለብ በበጀት መዝጊያ ወር ከአዲስ አበባ ወኪል ስልክ ይጠብቃል። የደመወዝ ጣሪያም ሆነ ሌላ ደንብ ይህን አያስተካክለውም፤ ያደገ ልጅ የሌለው ክለብ በየዓመቱ መግዛቱ ግድ ነው፣ በየዓመቱ የሚገዛ ደግሞ በየዓመቱ ያጣል።

ስለዚህ ለከነማ ቦርድ፣ ለከተማው ስፖርት ጽሕፈት ቤትና ለዩኒቨርሲቲው የማቀርበው ጥያቄ አጭር ነው፤ የስታዲየሙን እድሳት ጨርሱ፣ ከአካዳሚው ጋር ስምምነት ፈርሙ፣ ከዋናው ቡድን 25 ቦታ አምስቱን ለከተማው ልጆች አድርጉና ስማቸውን በይፋ አስታውቁ። በሚቀጥለው ሐምሌ ደጋፊው የሚጠብቀው ፊርማ የእናንተ ነው።